በገበያነሽ ማሳ ላይ ያረፈው ቀይ ምልክት

ለምወድሽ ታላቅ እህቴ ለሱራያ ነዚፍ፣

አሰላሙ አለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። እንደምን ከርመሻል? ጤናሽ እንዴት ነው? ያ ወገብሽን ሰቅዞ የሚይዝሽ ሕመም ተሻለሽ ወይስ እዚያ ሥራሽ ላይ አሮጊቶቹንና ሽማግሌዎቹን ስታነሺ ስታስተኚ ይብስብሻል? ብርዱስ ለቀቀ? ጾሙስ እንዴት ይዞሻል? አንቺ ከእኛ ሁለት ሰዓት ያህል ዘግይተሽ እንደምታፈጥሪ ወንድምሽ ሚክዳድ ከስልኩ እያየ ይነግረናል፤ እማ ግን ነገሩ አልዋጥላት ብሏል። «ምን ዓይነት አገር ነው ልጄን እስከዚያ ድረስ የሚያስርባት?» እያለች ከፀሐይዋ ጋር ትጣላለች። እኛ አልሐምዱሊላህ ሁላችንም ደኅና ነን። አባባ ስኳሩ ከፍ ዝቅ ይልበታል፤ ሐኪሙ አትጹም ቢለውም አሻፈረኝ ብሎ ይጾማል። ከዚህ በቀር ክፉ ነገር የለም።

ደብዳቤውን የምታደርስልሽ ሳምራ ናት። ዩኒቨርሲቲ አብራኝ የተማረች ልጅ ናት፤ ለትምህርት ወደ ብራስልስ ስለምትመጣ አንትወርፕ ድረስ አምጥታ በእጅሽ እሰጣታለሁ ብላኛለች። በስልክ ልነግርሽ ያልፈለግሁት በስልክ ስለማልችል ነው። ባለፈው ስንነጋገር ጆሮሽ ላይ ዘጋሁብሽ። አፉ በዪኝ። ታላቄ ነሽ፣ እንዲያ ማድረግ አልነበረብኝም። ግን «ሕጉ እኮ ለእናንተም ነው የሚጠቅመው፤ የዓለም ደን የሁላችንም ነው፤ ትንሽ ታገሱ» ስትዪኝ ደሜ ፈላ። በዝናብ ቆመሽ ስለ ደን የተጻፈ ሰሌዳ የያዝሽበትን ፎቶ የላክሽልኝ፣ ለሕጉም ፊርማ አሰባሰብን ያልሽኝ፣ ገበያነሽ ቡናዋን ተሸክማ በተመለሰችበት በዚያው ሳምንት ነበር። አንቺ ይህን አታውቂም ነበር። አሁን ከሥሩ ልንገርሽ።

ገበያነሽን መቼም አትረሻትም። የዱመርሶዋ፣ ረጅሟ፣ የአባባ ደንበኛ። ይርጋጨፌ ገበያ እያለላት ነዚፍ ሚዛን አያጎድልም ብላ ጨውና ሳሙናዋን ልትገዛ እስከ ዲላ የምትመጣው፣ ለእኛም አቮካዶ በእንሰት ቅጠል ጠቅልላ የምታመጣልን። አማርኛዋ የጌዴኦ ሰው አማርኛ ስለሆነ ለሴትም ለወንድም «አንተ» ትላለች፤ አንቺ እየሳቅሽ «አቤት አባቴ» ትያት ነበር። ባሏ ከሞተ ስምንት ዓመት አለፈው። ማሳዋ ግማሽ ሄክታር ቢሆን ነው። ከላይ ዋንዛና ብርብራ፣ ከሥሩ ቡና፣ በቡናው መሐል እንሰት፣ ከዚያ በታች ጎደሬ። ከዋንዛዎቹ ለአንዱ የሦስት ሰው እቅፍ አይበቃውም። ባሏ ሲሞት ወንድሞቹ ለሬሳ ሳጥን አንዱን እንቁረጥ ብለው ነበር፤ እሷ ግን «ቡናዬን ፀሐይ ይበላዋል» ብላ እንቢ አለች፤ ጣውላው ከይርጋጨፌ ተገዝቶ መጣ። ይህን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል።

የእኔን ሥራ ደግሞ እንዲህ ተረጂው። እናንተ ዘንድ በአውሮፓ የወጣው ሕግ፣ በእናንተ አቆጣጠር ከሁለት ሺህ ሃያ መጨረሻ በኋላ ደን ተመንጥሮ በተገኘ መሬት ላይ የበቀለ ቡና ወደ ገበያችን አይገባም ይላል። ስለዚህ እያንዳንዱ ገበሬ ማሳው የት እንደሆነ በካርታ ማሳየት አለበት። ይህን እንዲያግዝ አንድ ዓለም አቀፍ ድርጅት ፕሮጀክት ከፈተ፤ ስሙን አልጠራም፣ እንጀራዬ ነው። እኔ ስልክ ይዤ፣ ገበሬውን አስከትዬ፣ ማሳውን ዙሪያውን እየሄድኩ ድንበሩን እመዘግባለሁ። ከዲላ በሚኒባስ፣ ከዚያ በሞተር፣ ከዚያ በእግር። አንድ ሺህ ሁለት መቶ ማሳ ዞሬያለሁ፤ ሁለት ጥንድ ጫማ ጨርሻለሁ።

ደግሞም አምኜበት ነው የገባሁት፣ ሱራያ። ይህን እወቂልኝ። ዝናቡ እንደ ድሮው አይደለም። ቡናው ያብባል፣ ዝናቡ ይጠፋል፣ አበባው ይረግፋል። ቡሌ ላይ ድሮ ብርዱ ቡና አያበቅልም ይሉ የነበሩ ሰዎች ዛሬ ችግኝ ይሻማሉ። ይህ አንድ ቀበሌ ተሰብስቦ፣ አንድ አገርም ቢሆን ብቻውን ሆኖ የሚያስተካክለው ነገር አይደለም። ዓለም በአንድ ላይ ቁጭ ብሎ መምከሩ ደስ ብሎኝ ነበር። የጌዴኦ ሰው ደግሞ ከማንም በላይ ዛፍ ጠባቂ ስለሆነ፣ ካርታው ይህንኑ ለዓለም ያሳይልናል ብዬ ለገበሬው ሁሉ ስሰብክ ከረምኩ። ለገበያነሽም ያልኳት ይህንኑ ነው። «ዛፍሽን ያዩልሻል» አልኳት። አዩላት።

በ2015 ሚያዝያ ላይ ክፉ ንፋስ መጥቶ ትልቁን ዋንዛ ከነሥሩ ነቅሎ ጣለባት፤ እሱም ሲወድቅ ሁለት ብርብራ ይዞ ወደቀ። ክፍት በሆነው ቦታ ላይ የቡና ችግኝና እንሰት ተከለች፤ በመሐሉም ሌላ የዋንዛ ችግኝ። ማንኛውም ገበሬ የሚያደርገው ነው። እኔ በዓመቱ ማሳውን ስዞር ጉቶውን አይቼዋለሁ፤ ግን ስልኩ የሚጠይቀኝ ድንበሩን እንጂ ጉቶውን አልነበረም። ሳተላይቱ ደግሞ ከላይ ሆኖ በፊት ዛፍ የነበረበት ቦታ ባዶ መሆኑን አየ። ንፋሱን አላየም። ቡና መልቀሚያው ሲደርስ ደን ተመንጥሮባቸዋል የተባሉ ማሳዎች በቀይ የተለዩበት ዝርዝር መጣ፤ የገበያነሽ ማሳ ቀይ ነበር።

ኅዳር ላይ ነው። እሷ ስለ ቀዩ ምንም አታውቅም። ሁለት ቀን ሙሉ የለቀመችውን እሸት ቡና ከልጇ ሚስት ጋር ተሸክማ ቡና መፈልፈያው ሄደች። ተረካቢው ባርናባስ ይባላል፤ ጎረቤቷ ነው፤ በአንድ ቤተ ክርስቲያን ነው የሚያመልኩት። እኔ የዚያን ቀን ሌሎች ስሞች ላመሳክር እዚያው ነበርኩ። ባርናባስ ዝርዝሩን አየ፣ እኔን አየኝ፣ ከዚያ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ «እማማ፣ የእርስዎን መቀበል አልችልም» አላት። «አንድ ቀይ ከተቀላቀለ ጭነቱ በሙሉ ከባሕር ማዶ ይመለሳል ተብለናል።» እሷ ያልበሰለ ቡና የገባባት መስሏት ጆንያውን ፈትታ በእጇ እያፈሰች «ቀይ ነው፣ እየው፣ ሁሉም ቀይ ነው» አለችው። አልሳቅንም። ቀይ ቡና የምትለቅም ሴት፣ ቀይ ስለሆንሽ አንቀበልሽም ስትባል ምን ትበል?

በግድግዳው ላይ የአሥራ አንድ ሰው ስም ተለጥፎ ነበር። ከላዩ «ከደን ምንጠራ ጋር የተያያዙ ማሳዎች» ይላል። የልጇ ሚስት አነበበችላት። ገበያነሽ ወደ እኔ ዞራ «አንተ ታውቃለህ። ንፋስ ነው። አንተ በእግርህ ዞረህ አይተሃል። ንገረው» አለችኝ። ነገርኩት። ባርናባስም ያውቃል፤ ንፋሱ የመጣ ቀን የራሱ ቤት ቆርቆሮ ተገንጥሎ ነበር። ግን ማወቃችን ምንም አልፈየደም። እሸት ቡና ደግሞ እስኪጣራ ብሎ አይቆይም፤ ካደረ ይበላሻል። መልሳ ተሸክማ ሄደች። ቤቷ አድርቃ በጀንፈል በረከሰ ዋጋ ለነጋዴ ሰጠችው። ከዋጋው በላይ የቆጫት ግን የግድግዳው ወረቀት ነው። እሑድ ቤተ ክርስቲያን አልሄደችም።

አቤቱታ አቀረብኩ። የጉቶውን ፎቶ ከየአቅጣጫው፣ የአምስት ጎረቤት ምስክርነት በፊርማና በጣት አሻራ፣ የቀበሌውን ማኅተም፣ ሁሉንም አስገባሁ። በደቂቃው መልስ መጣ፤ ደስ አለኝ። ሳነበው «ጥያቄዎ ደርሶናል፤ ስለ ትዕግሥትዎ እናመሰግናለን» ይላል፤ ማሽኑ ራሱ የሚልከው ነው። በሳምንቱ ደግሜ ላክሁ፤ ያው ምስጋና። አለቃዬ ከፈለኝ ክፉ ሰው አይደለም። ቢሮው ገብቼ ስጮህበት ወንበር ስቦ አስቀመጠኝና «እኔም ከበላዬ የማናግረው ሰው የለኝም፤ ያለኝ የኢሜይል አድራሻ ነው» አለኝ። ሳተላይቱ የአንዱ አገር ነው፣ ፎቶውን የሚተረጉመው ኩባንያ የሌላ፣ ገንዘቡን የሚሰጠው ሌላ፣ ሕጉን ያወጣው ደግሞ ሌላ። ሁሉም ትንሽ ትንሽ ድርሻ አለው፤ «እኔ ነኝ የወሰንኩት» የሚል ግን አንድም የለም። እዚህ ቀበሌ ሊቀ መንበሩ ቢበድልሽ ቤቱ ሄደሽ በሩ ላይ ትቀመጫለሽ። የዓለም በር የት ነው፣ ሱራያ? አንቺ እዚያ ስላለሽ ነው የምጠይቅሽ።

ታኅሣሥ መግቢያ ላይ በከተማው አንድ ሆቴል ወርክሾፕ ተጠራ። ከውጭ የመጡ ሦስት ሰዎች ነበሩ፤ ትልቅ ባነር፣ የታሸገ ውሃ፣ በጆሮ የሚሰካ ማስተርጎሚያ። አንዲት ባለሙያ ሴት ስለ ዓለም ሙቀት ተናገረች፤ አነጋገሯ ጥሩ ነበር፣ አልዋሽም። ጥያቄ ሲባል እጄን አውጥቼ የገበያነሽን ነገር ከነንፋሱ ተናገርኩ። መድረኩን የሚመራው ሰው «በጣም ጠቃሚ ግብዓት ነው» አለና በቢጫ ወረቀት ጽፎ ግድግዳው ላይ ለጠፈው። እንግዲህ ሁለታችንም ግድግዳ ላይ ተለጠፍን ማለት ነው፤ እሷ በነጭ እኔ በቢጫ።

በሻይ ሰዓት ሴትዮዋ ራሷ መጥታ አናገረችኝ። ችግሩን ታውቀዋለች። የጥላ ቡና ከላይ ሲታይ ደን ይመስላል፣ ስለዚህ አንድ ዛፍ በወደቀ ቁጥር ደን ተመነጠረ ይላል ብላ ለቢሮዋ ሦስት ጊዜ ጽፋለች። «እንግዲያው ነገ እንሂድና በዓይንሽ እዪው፤ ከአስፋልቱ ግማሽ ሰዓት በእግር ነው» አልኳት። ደነገጠች። የደኅንነት መመሪያቸው ከአስፋልት እንድትወጣ አይፈቅድላትም። ይህን ስትነግረኝ ፊቷ ቀላ፤ አፍራ ነበር። ከዚያ በኋላ ልቆጣት እንኳ አቃተኝ።

ለአባባ ስነግረው ሸሚዙን ሰብስቦ ክንዱን አሳየኝ። ያንን ክብ ጠባሳ ታውቂዋለሽ። ስልጤ አገር ልጅ ሳለ ፈንጣጣ መንደሩን ሲፈጅ፣ አንድ ሐበሻና አንድ ፈረንጅ በእግራቸው፣ ጭቃ በጭቃ ሆነው መጥተው ቤት ለቤት እየዞሩ ከተቡ። እናቱ ልጆቿን እህል ጎታ ውስጥ ደብቃቸው ነበር አሉ፤ ሰዎቹ ግማሽ ቀን በር ላይ ተቀምጠው፣ ለምነው፣ ቡና ጠጥተው አስወጧቸው። ዛሬ ፈንጣጣ የሚባል ነገር ከምድር ላይ የለም። «ዓለም ተባብሮ መሥራት ይችላል፤ እኔ ምስክር ነኝ» አለኝ። «ግን ያኔ መጥተው ክንዴን ያዙ። አሁን ማን ያዛት ያቺን ሴት?» እኔም ከዚያ በኋላ መተባበሩን አልጠላሁም፤ የጠላሁት ሩቅ መቆሙን ነው።

ያው በዚያው ወር፣ የቡናው ለቀማ ሊያልቅ ሲል፣ ሌላ ዜና ሰማን። ሕጉ በአንድ ዓመት ተራዘመ። የእናንተ የአውሮፓ ኩባንያዎችና መንግሥታት ገና አልተዘጋጀንም ስላሉ። እነሱ ታገሱን አሉ፣ ተፈቀደላቸው። ዱመርሶ ግን ተዘጋጅታ፣ ተመዝግባ፣ ተቀጥታ ጨርሳለች። ባርናባስ ወረቀቱን ከግድግዳው ላይ በራሱ እጅ ቀደደው፤ የገበያነሽ ቡና ግን በዚያን ጊዜ ተሽጦ አልቋል።

የካቲት አጋማሽ ላይ፣ አቤቱታውን ካስገባሁ ከሦስት ወር በኋላ፣ ስልኬን ስከፍት የገበያነሽ ማሳ አረንጓዴ ሆኗል። ምንም ማብራሪያ፣ ምንም ይቅርታ የለውም፤ ቀለሙ ብቻ ተቀይሯል። አለቀስኩ፣ ከደስታ። ሞተር ተከራይቼ በረርኩ። ገና ከመንገዱ ሳለሁ የሞተር መጋዝ ድምፅ ሰማሁ፤ የሌላ ሰው ማሳ ይሆናል አልኩ። ስደርስ ሁለት ዋንዛ መሬት ላይ ነበር። ሦስተኛውን ገመድ አስረውለታል። የጣውላ ነጋዴ መኪና ቆሟል፣ ልጇ ቅርንጫፍ ይመለምላል፣ እሷ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ታያለች። ከጨለለቅቱ የጫት ችግኝ መጥቶ በጥላው፣ ይቅርታ፣ ጥላ በነበረው ቦታ ተደርድሯል። ጫት ፀሐይ ይወዳል። የጫት ነጋዴ ደግሞ ካርታ አይጠይቅም።

ስልኩን አሳየኋት። «አረንጓዴ ሆነሻል፤ ተፈቅዶልሻል» አልኳት። አተኩራ አየችው። ከዚያ ረጋ ብላ «ዛፉን ያቆመው ቡናው ነው። ቡናውን ሰው ካልወሰደ ዛፉ ለማን ይቆማል?» አለችኝ። መቆጣት ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። ልጇ ግን ተቆጣ። «መጀመሪያ ሳንቆርጥ ቆረጣችሁ አላችሁን፤ በከንቱ ከምንሰደብ» አለ። ሦስተኛው ዋንዛ ሲወድቅ እዚያው ቆሜ ነበር። የሚገርምሽ፣ ሲወድቅ ብዙም አይጮህም። ከወደቀ በኋላ የሚመጣው ብርሃን ነው ዓይን የሚያጠፋው።

አሁን የዓመቱ ዳግም ምዝገባ ነው። ባለፈው ሳምንት ማሳዋን እንደገና መዞር ነበረብኝ። ስልኩ ዘንድሮ አዲስ ጥያቄ ተጨምሮበታል፤ «ባለፉት አሥራ ሁለት ወራት ዛፍ ተቆርጧል?» ይላል። «የለም» ብዬ ላልፈው ጣቴን አንሥቼ ነበር። እሷ ከጎኔ ሆና አየችኝ፤ ማንበብ ባትችልም ምን እንደማስብ ገባት። «እውነቱን ጻፍ» አለች። «ያኔ ሳልቆርጥ ቆረጠ አሉኝ። አሁን ቆርጫለሁ። አሁን ጻፍ።» ጻፍኩ፤ አዎ አልኩ። ቀጥሎ ምክንያቱን ጠየቀኝ። እርሻ ማስፋፋት፣ ጣውላ፣ ማገዶ፣ ሌላ። «ሌላ»ን ነካሁ፤ ጠባብ ሳጥን ተከፈተ። «እኛ» ብዬ ጻፍኩበት።

አለቃዬ ከፈለኝ በማግሥቱ ደወለልኝ። ሲስተሙ መልሱን አልቀበልም ብሎ መልሶታል፤ ከሌሎቹ ሦስቱ የሚስማማውን መርጬ እንዳስተካክል ነው። ስምንት ቀን ሆነው፣ አላስተካከልኩም። ከሥራ ቢያስወጡኝም ያስወጡኝ። አንዳንዴ ግን ሌላ የምሄድበት የለኝም ብዬ እፈራለሁ፤ እኔ ካልዞርኩት ደግሞ ማሳውን ያላየ ሰው ይዞረዋል።

ሰልፍሽን ተዪ አልልሽም። ሂጂ፣ ዝናቡም ቢሆን ቻይው። ግን ከእነዚያ ሰዎች ጋር ስትሰበሰቢ አንድ ነገር ጠይቂልኝ። ሌላ ሳተላይት አንፈልግም። አንድ ስልክ የሚያነሳ ሰው ያስቀምጡ። ስም ያለው፣ «አዎ፣ እኔ ነኝ የወሰንኩት፤ ተሳስቻለሁ» ማለት የሚችል አንድ ሰው። አማርኛ ባይችል ግድ የለኝም፤ በእንግሊዝኛ እጣላዋለሁ።

እማ በጣም ናፍቀሽኛል ትላለች፤ በሳምራ እጅ የላከችልሽን በርበሬ አየር እንዳይገባው አድርገሽ አስቀምጪው ብላለች። አባባ ሰላም ይልሻል፣ ዱዓውም አልተለየሽም፤ መድኃኒቱን እየወሰደ መሆኑን ንገሪያት ብሎኛል፣ ግማሹ እውነት ነው። ሚክዳድ ከመንገድ ሲመለስ ይደውልልሻል፤ የመኪናውን ጎማ ስለቀየረ እንደ ሙሽራ ይንከባከባታል። የሚክዳድ ሚስትም ዒዱ ካንቺ ጋር ቢሆን ብላ ተመኝታለች። ባርናባስ እንኳ ማን እንደሆንሽ ሳያውቅ እህትሽን ሰላም በያት ብሎኛል። ገበያነሽም ሰላም ብላሻለች። አልተቀየመችም ብዬ አልዋሽሽም፤ ተቀይማለች። ግን እዚያ ማዶ የቆምሽበትን ፎቶ ሳሳያት ረጅም ጊዜ አየችውና «ይሄ ልጅ ዝናብ መትቶታል፤ ኮት ይልበስ በለው» አለች።

ታናሽ እህትሽ
ሀምዲያ ነዚፍ
ዲላ፣ መጋቢት 10 ቀን 2017 ዓ.ም.